ከአልጋ ወደ አልጋ፦ በአረጋውያን መኖሪያ በሽታ በምን ይሄዳል?

አንድ ክፍል ነው። ስምንት አልጋ አለው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንዲት ተንከባካቢ ጓንቷን አጥልቃ ትገባለች። የመጀመሪያዋን እናት ዳይፐር ትቀይራለች። ዞር ብላ የሁለተኛዋን ትራስ ታስተካክላለች። ሦስተኛዋ እናት ውሃ ጠምቷቸዋል፤ ኩባያውን ይዛ ታጠጣቸዋለች። የአራተኛዋን ዓይን ትጠርጋለች። ስምንተኛው አልጋ ጋ ስትደርስ እጇ ላይ ያለው ጓንት ያው የመጀመሪያው ነው።

ይህቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ከሁሉም ቀድማ የምትገባ፣ ከሁሉም በኋላ የምትወጣ ናት። እናቶቹም በጣም ይወዷታል። ጓንት ያደረገችው ንጽሕና ይጠበቅ ብላ ነው። ግን ጓንቱ የጠበቀው የእሷን እጅ ብቻ ነው። የአንደኛዋን ጀርም ለስምንቱም አዳርሷል።

እኔ ነርስ ነኝ። እዚህ አዳማ ውስጥ አረጋውያን ወደሚኖሩበት አንድ ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው እዚያ ለሚሠሩ፣ ለሚጠይቁ፣ እንዲሁም እናት አባታቸውን ቤታቸው ለሚያስታምሙ ነው። ነገሩ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። አልጋ ላይ የዋሉ ሰው ተነስተው ሌላው ጋ አይሄዱም። የሚሄደው የእኛ እጅ ነው። የእኛ ጨርቅ፣ የእኛ ትንፋሽ፣ የእኛ ዕቃ ነው። ስለዚህ መጠንቀቅ ያለብን በሁለት አልጋ መካከል ባለችው እርምጃ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን አረጋውያን ላይ እንደሚበረታ ልናገር። ሰውነት ሲያረጅ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል። ቆዳ ይሳሳል፣ በትንሹ ይላጣል። ሳል ይዳከማል፤ አክታን ገፍቶ ማውጣት ያቅታል። ስኳርና ደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ይጨመሩበታል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ያድራል። ለወጣት ሦስት ቀን የሚያስነጥስ ጉንፋን እዚያ ክፍል ሲገባ የሳንባ ምች ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ምልክቱም ያታልላል። እኛ በሽታ ማለት ትኩሳት ነው ብለን ለምደናል። አረጋውያን ግን የሰውነት ሙቀታቸው ከድሮውም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው 38 ላይደርስ ይችላል። በአፍ ተለክቶ 37.8 ካለፈ እንደ ትኩሳት ይቆጠራል። ደጋግሞ ከ37.2 በላይ ከሆነም እንዲሁ። ከቴርሞሜትር በፊት ግን ጠባያቸውን እዩ። ትናንት ሲጫወቱ የነበሩ አባባ ዛሬ ዝም ካሉ፣ ምግብ ከገፉ፣ ስማችሁን ከረሱ፣ ወይም ሳይታሰብ ከወደቁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ድንገት የመጣ መቃዠት እርጅና አይደለም። የሳንባ ወይም የሌላ ኢንፌክሽን መልእክት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያቸው።

እጅ

እጅ መታጠብ የሚለው ምክር በጣም ስለተደጋገመ ሰው አይሰማውም። እኔ ግን ከእሱ ሌላ ይህን ያህል የሚያድን ነገር አላውቅም። በአውሮፓውያኑ 1847 በቪየና ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ሬሳ ሲመረምሩ የቆዩ ሐኪሞች በዚያው እጃቸው እናቶችን ያዋልዱ ነበር። እናቶቹም በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የሟቾቹ ቁጥር በግልጽ ወረደ። ጀርም የሚባለው ነገር ገና በቅጡ ሳይታወቅ ነው ይህ የሆነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜዎች ለይቶ አስቀምጧል። በቃል መያዝ ለሚያስቸግረው እኔ እንዲህ እላለሁ። ሰውየውን ከመንካትህ በፊት። ቁስል ወይም ቱቦ ከመንካትህ በፊት። ደም፣ ሽንት ወይም ሰገራ ከነካህ በኋላ። ሰውየውን ጨርሰህ ስትወጣ። አምስተኛው ነው ሁልጊዜ የሚረሳው፦ ሰውየውን ሳትነካ አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ኮመዲኖውን ብቻ ነክተህ ስትሄድም። አንሶላ አስተካክላ «እሳቸውን እኮ አልነካሁም» የምትል ልጅ ስንት ጊዜ ገጥማኛለች። አንሶላው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲነካቸው ነው ያደረው።

በሳሙናና በውሃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ እስኪደርቅ ድረስ። አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ ይሁን። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ አልኮል አይበቃም። ተቅማጥ በገባበት ክፍልም አልኮል ብቻውን አያስተማምንም። ተቅማጥ ከሚያመጡት ጀርሞች አንዳንዶቹ አልኮል አይገድላቸውም፤ ሳሙናና ውሃ ግን አጥቦ ያወርዳቸዋል።

«ውሃስ ከየት?» ትሉኝ ይሆናል። አዳማ ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። መልሱ ቤታችን ውስጥ አለ። እንግዳ ሲመጣ በማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰስን፣ ከስር ሳህን ይዘን እጅ እናስታጥባለን። ይህ በጣም ትክክለኛ አሠራር ነው። ውሃው ይፈሳል፤ ማንም የሌላውን እጣቢ አይነካም። ችግሩ አንድ ሳህን ውስጥ ሁሉም ተራ በተራ እጁን ሲነክር ነው። ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ወይም ጄሪካን በየክፍሉ በር ላይ ይቀመጥ። በማስታጠብ ባህላችን ላይ አንድ የምቃወመው ነገር ግን አለ፤ ያች ሁሉም የሚያብስባት አንዲት ፎጣ። ንጹሕ እጅ እሷ ላይ ሲደርስ መልሶ ይቆሽሻል። ሶፍት ከሌለ እጃችሁን አራግፉና አየር ላይ አድርቁ።

አረጋውያኑ ራሳቸውም ከምግብ በፊት መታጠብ አለባቸው። አልጋ ላይ ያሉትን ሳያስታጥቡ እንጀራ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። ልብ ይሰብራል። ዕድሜ ልካቸውን እጃቸውን ሳይታጠቡ ማዕድ ቀርበው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ወደ ጓንቱ ልመለስ። ጓንት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ ነው። ዳይፐር ከተቀየረ በኋላ ይወልቃል፣ ይጣላል፣ እጅ ይታጠባል። የእኚያኑ እናት ፊት ለማበስ እንኳ ሌላ ጓንት ወይም ንጹሕ እጅ ያስፈልጋል። ጓንት አጥቦ መድገም አይቻልም፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ጓንት አጥሯል? እንግዲያው ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ቁስል ላለበት ሥራ ይቀመጥ። ለማጉረስ፣ ጸጉር ለማበጠር፣ እጅ ለመያዝ የታጠበ እጅ ይበቃል። ደግሞም ለአረጋዊ ሰው ባዶ እጅ ይሞቃል።

መስኮት

ይህ ትንሽ ያጣላናል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚለው ያልተጨቃጨቀ ኢትዮጵያዊ የለም። «ንፋስ ይመታኛል» እንላለን። አዳማ ደግሞ ንፋሷም አቧራዋም የታወቀ ነው። አረጋውያኑ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ተሸፋፍነው እንዲተኙ ይፈልጋሉ። ተንከባካቢዎቹም እሺ ይሏቸዋል።

ግን የሳንባ ነቀርሳን አስቡ። የያዘው ሰው ሲያስል የሚወጣው ነገር በጣም ደቃቅ ስለሆነ መሬት አይወርድም። ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ስምንቱም ሰው ያንኑ አየር ይመላለሱታል። ለዚህ በረኪና አይረዳም፣ እጅ መታጠብም አይረዳም። የሚረዳው አየሩ ወጥቶ በሌላ መተካቱ ነው። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች፣ ወይም መስኮትና በር፣ አብረው ይከፈቱ። በአንድ በኩል የተከፈተ ብቻውን አየሩን በደንብ አያንቀሳቅሰውም።

እኛ ግቢ ያደረግነው ቀላል ነው። ጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ እናቶቹን ጋቢና ካልሲ እናለብሳለን። የሚችሉት ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ያኔ ክፍሉ ወለል ብሎ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲመጣ የንፋሱ አቅጣጫ ያለው መስኮት ገርበብ ይላል፤ ጨርሶ ግን አይዘጋም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ካለ የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። የነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በትክክል የጀመረ ሰው ሌላውን የማስያዝ አቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። እስከዚያ ድረስ ጥሩ አየር ያለው የብቻ ክፍል ይሰጠው፣ ማስክ ያድርግ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ማግለል» አንበል። ይህ ቃል አገራችን ውስጥ ታሪክ አለው፤ የሥጋ ደዌና የኤችአይቪ ሕሙማን ላይ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይሰቀጥጠዋል። ከልጆቻቸው ርቀው ለሚኖሩ አባት ሌላ ክፍል መግባት ማለት መጣል ነው። ስለዚህ «ለይተን እናስታምማችሁ» በሏቸው። ለምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነ ንገሯቸው። ምግባቸው ያው ትኩስ ይሁን። በቀን ደጋግሞ የሚገባ፣ ተቀምጦ የሚያጫውታቸው ሰው ይመደብላቸው።

ጋቢ፣ ምላጭ፣ ቱቦ

እከክ የአረጋውያን መኖሪያዎች የቆየ ጠላት ነው። ቆዳ ውስጥ ጎድጓድ ሠርታ የምትኖር፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ፍጥረት ናት የምታመጣው። መጥፎነቱ ጊዜው ነው። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዘው ማሳከክ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ማሳከኩ ሳይጀምረውም ያስተላልፋል። ስለዚህ አንዲት እናት ማከክ ሲጀምሩ ጎረቤታቸው ቀድሞ ተይዘው ይሆናል። እሳቸውን ብቻ አክሞ መመለስ ዋጋ የለውም። አብረው የሚያድሩትና የሚነኳቸው ተንከባካቢዎች በሙሉ፣ ባያሳክካቸውም፣ በአንድ ቀን ይታከሙ። ቅባቱ የሚቀባው የሚያሳክከው ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ነው፤ ለአረጋውያን ጭንቅላትና ፊትም ሊጨመር ስለሚችል ባለሙያ ጠይቁ። ከታከሙ በኋላ ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንታት ሊቀጥል ይችላል፤ ያ ብቻውን መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ያቺ ፍጥረት ከሰው ገላ ውጪ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በላይ አትቆይም። አንሶላውና ልብሱ ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ይታጠብ። ሊታጠብ የማይችለው በላስቲክ ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ሰው በደግነት የሚያመጣው ያገለገለ ልብስና ብርድ ልብስም በዚሁ መንገድ ይለፍ። የሰጭውን ልብ ማስከፋት አይደለም፤ ከማዳበሪያው ወጥቶ በቀጥታ አልጋ ላይ እንዳይዘረጋ ነው። እኛ ጋ በየጋቢው ጥግ ላይ በክር የአልጋ ቁጥር ተሰፍቷል። ቀድሞ ከታጠበ በኋላ ማን የማንን እንደሚለብስ አይታወቅም ነበር።

የምላጭና የጥፍር መቁረጫ ነገር ደግሞ በጣም ያስጨንቀኛል። አንድ መላጫ ይዞ አሥር አባቶችን የሚላጭ በጎ ፈቃደኛ አይቻለሁ። በደስታ ነበር የሚሠራው። የጉበት ቫይረስ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ግን ደርቆ እንኳ ዕቃ ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። ደም ሳይታይም ይተላለፋል። በአሜሪካ በተለያዩ የአረጋውያን መኖሪያዎች ቫይረሱ ሊዛመት የቻለው የስኳር መለኪያ ጣት መውጊያን በጋራ በመጠቀም ነው። መውጊያው የአንድ ሰው፣ የአንድ ጊዜ ነው። መላጫውም ስም ተጽፎበት ለየራሱ ይቀመጥ።

የሽንት ቱቦ፣ ካቴተር የምንለው፣ በገባ ቁጥር ለጀርም መንገድ ይከፍታል። በቆየ ቁጥርም አደጋው በየቀኑ ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እናጽዳው» አይደለም፤ «አሁንም ያስፈልጋል ወይ» ነው። ዳይፐር መቀየር ስለሚያደክም ብቻ የቆየ ቱቦ ካለ ይውጣ። የሚያስፈልግ ከሆነ ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ከሽንት ፊኛ በታች ይሁን፣ መሬት ግን አይንካ። ሲያዘዋውሯቸው ጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡት አሉ፤ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከዚሁ ጋር፣ ሽንት በሸተተ ቁጥር ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ከፋርማሲ አትግዙ። በመኖሪያ ቤቶች ከሚኖሩ አረጋውያን ሴቶች ከ25 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ይህ መድኃኒት አይፈልግም። ያለ ምክንያት የተወሰደው መድኃኒት ግን ባክቴሪያውን ያለማምደዋል። በእውነት የታመሙ ቀን የሚሠራላቸው ይጠፋል።

ስለ አፍ ብዙ ሰው አያስብም። ጥርሳቸው ያልተፋቀ፣ መዋጥ የሚያስቸግራቸው አረጋውያን ምራቃቸው ከነጀርሙ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በጃፓን በ11 መኖሪያዎች ለሁለት ዓመት በተደረገ ጥናት፣ ከምግብ በኋላ አፋቸው ከጸዳላቸው 11 በመቶው የሳንባ ምች ሲይዛቸው፣ ካልጸዳላቸው 19 በመቶውን ይዟል። ብሩሽ ከሌለ ለስላሳ መፋቂያ፣ ጥርስ ለሌላቸው እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ። ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ።

በረኪናን በተመለከተ አጭር ላድርገው። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ ይሞታል፤ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይጽዳ። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 100 ሚሊ ሊትር በባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውስጥ አድርጋችሁ በውሃ ሙሉት። ለአልጋ ብረት፣ ለበር እጀታ፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። ደም ለፈሰሰበት ወፈር ይበል፤ አንድ ሲኒ በረኪና በዘጠኝ ሲኒ ውሃ። አሥር ደቂቃ ይቆይና ይታጠብ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር በጭራሽ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሽንት ቤት የገባው ጨርቅ ምግብ ጠረጴዛ ላይ አይምጣ፤ ቀለማቸው ይለይ።

ጠያቂና ሠራተኛ

አሁን አሁን ልደቱን፣ ሰርጉን፣ ተዝካሩን አረጋውያን ጋ ሄዶ የሚያከብር ሰው በዝቷል። በጣም ደስ ይለኛል። እናቶቹም ከሳምንት በፊት ጀምረው ይጠብቃሉ። አምሳ ሰው ገብቶ በየአልጋው ጉንጭ እየሳመ፣ እያጎረሰ ሲዞር ግን ልቤ ይፈራል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ በኋላ ብዙ ቤቶች በራቸውን ለመዝጋት ተገደዋል። ብቸኝነቱም ራሱን የቻለ በሽታ ሆነ። ስለዚህ አትምጡ አልልም። ያስነጠሳችሁ፣ የሚያስላችሁ፣ ተቅማጥ ያለባችሁ ቀን ቆዩ። በር ላይ ታጠቡ። ሁሉንም አልጋ ከምትዞሩ ከአንዲት እናት ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ጉርሻ ካማራችሁ ለአንድ ሰው አጉርሱ፤ ጣት ከንፈር ነክቶ ወደሚቀጥለው አፍ አይሂድ።

ሠራተኛውን ደግሞ ብቻውን አንውቀስ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ኪርክላንድ በምትባል ከተማ ኮሮና አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ገባ። በሦስት ሳምንት ገደማ 101 ነዋሪዎችን፣ 50 ሠራተኞችን፣ 16 ጠያቂዎችን አዳረሰ። መርማሪዎች ለስርጭቱ ምክንያት ካሏቸው አንዱ ሠራተኞች እያመማቸው ሥራ መግባታቸው ነበር። ከአንድ በላይ ቤት የሚሠሩም ነበሩበት። እዚያ ባለጠጋ አገር ይህ ከሆነ፣ የቀረችበት ቀን ደመወዟ የሚቆረጥባት የኛ ልጅ ጉንፋን ይዟት ብትመጣ ማን ይፈርድባታል?

እኛ ግቢ ይህን ለመቀየር ብዙ ተከራክረናል። በመጨረሻ ያመማት ልጅ ስትቀር ክፍያዋ እንዳይነካ፣ ከበጎ ፈቃደኞቹም በየሳምንቱ ሁለት ተጠባባቂ እንዲመደብ ተስማማን። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ የነገርኳችሁ ልጅ ናት። ድምጿ ተዘግቷል። «ነርስ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ዛሬ እናቶቹ ጋ ባልገባ ይሻላል» አለችኝ። ተራው የእኔ ነበርና ተነስቼ ሄድኩ።